ከካሜራው በፊት ባትሪው፦ ለግቢ የጥበቃ ካሜራ ስለማስገጠም

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ፣ አያት አካባቢ በ250 ካሬ ሜትር ላይ ያረፈ ቪላ አለኝ። ከኋላ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራይቻለሁ። ባለፈው ክረምት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ሳለ ሌባ አጥር ዘሎ ገብቶ የውሃ ፓምፕ ነቅሎ ወሰደ። አሁን ካሜራ ላስገጥም ነው። ሜሪላንድ ያለው ወንድሜ ገመድ የማያስፈልጋቸው አራት የዋይፋይ ካሜራዎች ልላክልህ ይላል። የሱቁ ሰው ደግሞ ባለ 8 ሜጋፒክስል ስምንት ካሜራ ካልተገጠመ ዋጋ የለውም አለኝ። ከበረንዳዬ እስከ ግቢው በር 12 ሜትር ያህል ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይቀዳል? የተቀዳውስ ስንት ቀን ይቆያል? የትኛውን ልምረጥ?»

ምላሽ፦ በጻፉት ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ሌባው መብራት በጠፋበት ሰዓት መግባቱ ነው። የቀረቡልዎ ሁለቱም ሐሳቦች ግን ስለዚያች ሌሊት አንዳች አይሉም። አንዱ ስለ ገመድ፣ ሌላው ስለ ምስል ጥራት ያወራል። የኤሌክትሪክ ኃይል ከሌለ ባለ 8 ሜጋፒክስሉም ሆነ ባለ 2 ሜጋፒክስሉ ካሜራ ግድግዳ ላይ የተሰካ ፕላስቲክ ነው። ስለዚህ መልሴን የምጀምረው ከካሜራው ሳይሆን ከኃይሉ ነው፤ የቀረው ምርጫ ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

በመጀመሪያ «ገመድ የማያስፈልገው» የሚለውን እናጥራ። አብዛኞቹ የዋይፋይ ካሜራዎች ያለ ገመድ የሚልኩት ምስሉን ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ገመድ ግን ያስፈልጋቸዋል። አራት ካሜራ በአራት ማዕዘን ቢገጠም አራት ቦታ ሶኬት መዘርጋት አለብዎ። መብራት ሲጠፋ አራቱም ይጠፋሉ፤ ራውተሩም አብሮ ይጠፋል። እያንዳንዱን ለየብቻ በባትሪ መደገፍም አድካሚና ውድ ነው። በራሳቸው ባትሪ የሚሠሩት ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ባትሪው ቶሎ እንዳያልቅ አብዛኛውን ጊዜ ተኝተው ይቆያሉ፤ የሚነቁት የሰው ሙቀት ሲንቀሳቀስ ሲሰማቸው ነው። በፍጥነት የሚያልፍን ሰው ሲነቁ ጀርባውን ብቻ ሊይዙት ይችላሉ፤ ራቅ ያለውንም ጨርሶ ላይሰማቸው ይችላል። በዚያ ላይ በአሜሪካ ገበያ በብዛት የሚሸጡት እነ ሪንግና አርሎ ምስሉን በዋነኛነት የሚያስቀምጡት በኩባንያው ማከማቻ ላይ፣ በወርሃዊ የዶላር ክፍያ ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሌሊት የሚተርፍዎ ነገር ትንሽ ነው። የብሎኬት ግድግዳና የብረት በርም የዋይፋይን ሞገድ ክፉኛ ያዳክማሉ። ወንድምዎ ያሰበው በቅንነት ነው፤ እሱ በሚኖርበት ከተማ የሚያዋጣ ዕቃም ነው። ለእርስዎ ግቢ ግን አይሆንም።

ለእርስዎ የሚሆነው በኔትወርክ ገመድ የሚሠሩ ካሜራዎችና በቤትዎ ውስጥ የሚቀመጥ መቅጃ ነው፤ ገጣሚዎች ኤንቪአር የሚሉት። ሲገዙ መቅጃው ራሱ በገመዱ ኃይል የሚያስተላልፍ፣ ፒኦኢ የሚባለው ዓይነት መሆኑን ያረጋግጡ። ምስሉ ወደ መቅጃው የሚመጣበት ያው ገመድ ለካሜራው ኤሌክትሪክ ይወስድለታል። የተለመደው ደረጃ በአንድ መስመር እስከ 15.4 ዋት ይሰጣል፤ የቤት ካሜራ ሌሊት መብራቱን አብርቶ እንኳ ከ5 እስከ 7 ዋት ቢወስድ ነው። ገመዱ እስከ 100 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ለእርስዎ ግቢ ከበቂ በላይ ነው። ጥቅሙ ሶኬት ማትረፉ ብቻ አይደለም። የካሜራዎቹ ሁሉ ኃይል ከአንድ ቦታ ስለሚወጣ አንድ ባትሪ ሁሉንም ይይዛል። ይህን ሥርዓት የምመክርዎ ከምንም በላይ በዚህ ምክንያት ነው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። መቅጃው ከነሃርድ ዲስኩ 15 ዋት፣ ሦስት ካሜራ በሌሊት 18 ዋት፣ ራውተሩ 10 ዋት ያህል ይወስዳሉ። ድምሩ ከ45 ዋት አይበልጥም፤ ከአንድ የድሮ አምፖል ያነሰ ነው። መብራት ሲጠፋ ወዲያው በባትሪ የሚተካው፣ በየሱቁ የሚሸጠው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ በውስጡ በአብዛኛው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው ያለው። አዲስ ሳለ ይህን ጭነት አንድ ሰዓት ያህል ይሸከማል፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዚያ ያነሰ። መብራት ሌሊቱን ሙሉ ከጠፋ ግን አንድ ሰዓት አይበቃም። አነስተኛ ኢንቨርተር (የባትሪን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይር ዕቃ) ከባለ 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ጋር ቢገዙ፣ የሊድ አሲድ ባትሪውን ከግማሽ በታች ሳያወርዱት እንኳ 11 ሰዓት ገደማ ያገኛሉ። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ያለ ጉዳት በጥልቀት ስለሚወርድ 18 ሰዓት ድረስ ይሄዳል፤ ዕድሜውም ይረዝማል፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። በሁለት ነገር ላይ አስጠነቅቅዎታለሁ። ትንሹን ዩፒኤስ ከፍተው ትልቅ የመኪና ባትሪ የሚያገናኙ ሰዎች አሉ፤ የዩፒኤሱ ቻርጀርም ሆነ ሌላው አካሉ ለዚያን ያህል ረጅም ሥራ አልተሠራምና ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። የሊድ አሲድ ባትሪ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጂን ጋዝም ተቀጣጣይ ስለሆነ መኝታ ቤት ወይም ዝግ ቁም ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም።

መብራት ከመጥፋቱ ይልቅ ዕቃ የሚያቃጥለው ሲመለስ ነው። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ እያለ የሚመጣባቸው ደቂቃዎች የመቅጃውን የኃይል ክፍልና ሃርድ ዲስኩን ይጎዳሉ። ስለዚህ ከኢንቨርተሩ በፊት ቮልቴጅ ሲዛባ የሚቆርጥና መብራት ከተመለሰ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያገናኝ መከላከያ ያስገቡ። ክረምት ላይ ነጎድጓድ አለ፤ የቤትዎ የመሬት መስመር መኖሩን የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይፈትሽልዎ፤ ከቤቱ ውጭ በብረት ምሰሶ ላይም ካሜራ አያስተክሉ።

አሁን ወደ ሜጋፒክስሉ። የሱቁ ሰው የነገረዎ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ትቶታል። ሰውን በምስል ለመለየት የሚወስነው ፊቱ ባለበት ቦታ አንድ ሜትር ስፋት በስንት ነጥብ (ፒክስል) መሳሉ ነው። አይኢሲ 62676-4 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 እትሙ የማያውቁትን ሰው ማንነት ለማረጋገጥ በሜትር 250 ነጥብ፣ የሚያውቁትን ሰው «እገሌ ነው» ለማለት ደግሞ 125 ነጥብ ይጠይቅ ነበር። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ በወርድ 2560 ነጥብ አለው። በተለመደው የ2.8 ሚሊሜትር ሌንስ 100 ዲግሪ ገደማ ያያል፤ በእርስዎ 12 ሜትር ርቀት ላይ ይህ ከ28 ሜትር የሚበልጥ ስፋት ነው። ሲካፈል በሜትር 90 ነጥብ ይሆናል። ሰው መግባቱን፣ የልብሱን ዓይነት ያያሉ፤ ማን እንደሆነ አያውቁም። በዚያው ቦታ ባለ 8 ሜጋፒክስሉን ቢሰቅሉ በሜትር 134 ይደርሳል፤ አሁንም የማያውቁትን ሌባ ለፖሊስ ለማሳየት አይበቃም። ባለ 4 ሜጋፒክስሉን በ4 ሚሊሜትር ሌንስ ከበሩ 5 ሜትር ርቀት ላይ ቢሰቅሉት ግን በሜትር 300 ነጥብ ይሰጥዎታል። ገንዘብ ያላመጣውን ለውጥ ሰባት ሜትር ገመድ ያመጣል። በሌሊት ደግሞ በተመሳሳይ መጠን ሴንሰር (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ላይ ብዙ ነጥብ መጨናነቁ እያንዳንዱ ነጥብ የሚያገኘውን ብርሃን ስለሚቀንስ፣ ርካሹ ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ ከደህናው ባለ 4 ሜጋፒክስል የባሰ ብዥታ የሚያሳይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ስለዚህ ስምንት ሳይሆን ሦስት ካሜራ ይበቃዎታል። ብዛቱን ከመቁጠር በፊት እያንዳንዱ ካሜራ የሚመልሰው ጥያቄ ምን እንደሆነ ይወሰን። የመጀመሪያው «በበሩ የገባው ማን ነው?» ለሚለው ይሁን፤ ከበሩ 5 ሜትር አካባቢ፣ ከመሬት 2.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ ላይ ይሰቀል። ከጣሪያ ጫፍ ላይ የሚሰቀል ካሜራ ያማረ እይታ ይሰጣል፤ የሚቀዳው ግን ኮፍያና ጭንቅላት ነው። በሩ ሲከፈት ከውጭ የሚገባው የጠዋት ወይም የማታ ፀሐይ ፊትን ጥቁር ስለሚያደርግ፣ ለዚህኛው ካሜራ ደብሊውዲአር የሚባለው ብርሃንና ጥላን የሚያመጣጥነው ችሎታ እንዲኖረው ይጠይቁ። ሁለተኛው ሌባው በዘለለበት አጥርና በፓምፑ መካከል ያለውን መተላለፊያ በቁመቱ ይመልከት። እዚህ የፊት ዝርዝር ሁለተኛ ነገር ነው፤ ዋናው መግባቱን በጊዜ ማወቅ ነው። ሦስተኛው የቤቱን ዋና በርና መኪና የሚቆምበትን ይያዝ። አራተኛ ለመጨመር ቦታ እንዲኖርዎ መቅጃውን ባለ 8 መስመር ይግዙ፤ ከባለ 4 መስመሩ ጋር ያለው የዋጋ ልዩነት በኋላ ሌላ መቅጃ ከመግዛት ያነሰ ነው።

ስለ ሌሊት እይታ ብዙ ሰው የማይነገረው ነገር አለ። ሌሊት የሚበራው፣ ኢንፍራሬድ የሚባለው ለዓይን የማይታይ የካሜራው መብራት ከአጠገቡ ባለ ነጭ ግድግዳ ወይም ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ነጸብራቁ ተመልሶ ሌንሱን ያሳውረዋል፤ ግቢው በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ካሜራውን በግማሽ ክንድ ፈቀቅ ማድረግ ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነፍሳት በካሜራው ዙሪያ ይዞራሉ፤ ሸረሪት ነፍሳቱን ተከትሎ ሌንሱ ላይ ድሩን ያደራል፤ ድሩ በነፋስ በተወዛወዘ ቁጥር ስልክዎ ይጮሃል። በክረምት ዝናቡም እንደዚያው ነው። ሰው ከሃያ የሐሰት ማስጠንቀቂያ በኋላ የስልኩን ድምፅ ያጠፋል፤ ያን ጊዜ ካሜራው ቢያይም እርስዎን የሚቀሰቅስዎ የለም። ስለዚህ ተራውን የእንቅስቃሴ ማስጠንቀቂያ ይተዉት፤ ሰውን ከዛፍና ከድመት የሚለይ ካሜራ ይግዙ፣ አጥሩ ላይ መስመር አስምረው ያንን ሲሻገር ብቻ እንዲያሳውቅዎ ያድርጉ፣ ሰዓቱንም ለሌሊት ይወስኑት።

ለኢንተርኔቱ ጥያቄዎ መልሱ አጭር ነው፦ መቅጃ ቤት ውስጥ ካለ ኢንተርኔት ኖረም አልኖረ ይቀዳል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ከሩቅ ለማየትና ማስጠንቀቂያ በስልክ ለመቀበል ነው። በስልክ ሲመለከቱ ዝቅተኛውን የምስል ደረጃ ይምረጡ፤ በሰከንድ ግማሽ ሜጋቢት የሚወስደው በሰዓት 230 ሜጋባይት ያህል ነው፣ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚወስደው ዋናው ምስል ግን 1.8 ጊጋባይት ይበላል። ወንድምዎም ከሜሪላንድ በዚሁ መንገድ ማየት ይችላል።

የተቀዳው ስንት ቀን እንደሚቆይም ግምት አያስፈልገውም። ባለ 4 ሜጋፒክስል ካሜራ ኤች 265 በሚባለው የምስል አጨማመቅ በሰከንድ 4 ሜጋቢት ቢጽፍ በቀን 43 ጊጋባይት ይሆናል። ሦስቱ 130 ጊጋባይት ገደማ፤ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሁለት ሳምንት ይይዛል። ከዚያ በኋላ መቅጃው የቆየውን እየሰረዘ አዲሱን ይጽፋል። ለመኖሪያ ቤት ሁለት ሳምንት በቂ ነው፤ ክፍለ ሀገር ረዘም ላለ ጊዜ የሚሄዱ ከሆነ 4 ቴራባይት ይግዙ። ዲስኩ ግን ለካሜራ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ ዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል እና ሲጌት ስካይሆክ ይባላሉ። ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ዲስክ ቀን ከሌት መጻፍን አይችልም፤ መሞቱን የሚያውቁትም ምስል ፈልገው ሲያጡ ነው። ሌባ መቅጃውን ይዞ ሊሄድ ስለሚችል ሳሎን ቴሌቪዥኑ ሥር አያስቀምጡት፤ አየር በሚያገኝ የሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ከዓይን ርቆ ይሁን። በበሩ ካሜራ ውስጥ የማስታወሻ ካርድ ቢያስገቡ ደግሞ ሁለተኛ ቅጂ ይኖርዎታል።

ገመዱ ላይ አይቆጥቡ። ገበያው ውስጥ በመዳብ የተለበጠ አልሙኒየም ገመድ ሞልቷል። የሽቦውን ጫፍ በቢላ ሲፍቁት ከውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ እሱ ነው። ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይበልጥ ይሞቃል፣ በርቀት ኃይል ይጥላል፣ መጋጠሚያው ላይ ቶሎ ይሰበራል። ካሜራው ቀን እየሠራ ሌሊት መብራቱን ሲያበራ ብቻ እየጠፋ የሚያስቸግርበት አንዱ የተለመደ ምክንያት ይህ ነው። ሙሉ መዳብ የሆነ፣ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ ይግዙ፣ ከውጭ የሚያልፈውም ከፀሐይና ከአይጥ በሚከላከል ቱቦ ውስጥ ይሂድ።

የማይለፍ ጉዳይ የይለፍ ቃሉና የባለቤትነቱ ምዝገባ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ሚራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በፋብሪካ የይለፍ ቃላቸው የተተዉ ካሜራዎችንና መቅጃዎችን በገፍ ተቆጣጥሮ ታላላቅ ድረ ገጾችን ለሰዓታት አውኳል። በእኛ ገበያ የተለመዱት የሂክቪዥንና የዳሁዋ ምርቶችም ከዚያ ወዲህ ከባድ የደህንነት ክፍተት ተገኝቶባቸው ማስተካከያ ወጥቶላቸዋል። አሜሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኅዳር ወር 2022 የእነዚህን ኩባንያዎች አዳዲስ ምርቶች ፈቃድ የከለከለችውም በብሔራዊ ደህንነት ስጋት ነው። ለመኖሪያ ቤት እነዚህን መግዛት አይቻልም አልልም፤ መለዋወጫና የሚያውቃቸው ባለሙያ በቀላሉ ይገኛል። ነገር ግን ሶፍትዌሩ በመጀመሪያው ቀን ይታደስ፣ ካሜራ ወደ መኝታ ቤትና ሳሎን ፈጽሞ አይዙር። ገጣሚው «ከሩቅ እንዲታይ» ብሎ በራውተሩ ላይ ከኢንተርኔት በቀጥታ የሚገባበት ቀዳዳ (ፖርት) ልክፈት ቢል አይፍቀዱለት፤ በኩባንያው የስልክ መተግበሪያ መገናኘት ይበቃል። ከሁሉ በላይ ብዙ ገጣሚዎች ሥራ ለማፍጠን መቅጃውን በራሳቸው የስልክ አካውንት ይመዘግቡታል። ያን ጊዜ ከፋዩ እርስዎ፣ ባለቤቱ እሱ ይሆናል፤ ግቢዎን እቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት ይችላል። ምዝገባው በእርስዎ ስልክና ኢሜይል፣ በእርስዎ እጅ ይፈጸም።

ሰዓቱንም ያስተካክሉ። ብዙዎቹ መቅጃዎች ከፋብሪካ የሚመጡት በቤጂንግ ሰዓት ተሞልተው ነው፤ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተፈጸመው ስርቆት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሆኖ ይመዘገባል፤ ለፖሊስ የሰጡት ቃልና ምስሉ ይጣረሳሉ። ከግሪንዊች 3 ሰዓት የሚቀድመው ይመረጥ፣ በበጋና በክረምት ሰዓት የሚለዋውጠው ይጥፋ። ስርቆት ቢደርስ ምስሉን በዚያው ቀን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ፤ ስክሪኑን በስልክ ቀርጾ መላክ ማስረጃውን ያበላሻል።

ተከራዮችዎን በተመለከተ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ካሜራ ወደ ሰርቪስ ክፍሎቹ በር፣ መስኮት፣ መጸዳጃና ልብስ ማጠቢያ አይዙር። የጎረቤት ግቢ በምስሉ ውስጥ ከገባ መቅጃው ያንን ቦታ በጥቁር የሚሸፍንበት አማራጭ አለው፤ ይጠቀሙበት። ድምፅ መቅዳቱን ያጥፉት፤ በግቢዎ የሚያልፉ ሰዎችን ወግ ማዳመጥ ሌባን ለመያዝ አያስፈልግም። ለተከራዮችዎ፣ ለቤት ሠራተኛዎና ለጥበቃዎ ካሜራ የት እንዳለና ምን እንደሚያይ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ በሩ ላይም ማስታወቂያ ይለጥፉ።

የካሜራው ወሰን መታወቅ አለበት። ፊቱን የሸፈነን ሰው አይለይም፤ የዘለለውንም አይመልስም። ፓምፑን ዙሪያውን በብረት ማሳጠርና መቆለፍ፣ ያንን ጥግ ከኢንቨርተሩ በሚሠራ ትንሽ አምፖል ማብራት ከአራተኛ ካሜራ ይልቅ ይጠቅምዎታል።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው፦ ሦስት ባለ 4 ሜጋፒክስል የገመድ ካሜራ፣ ባለ 8 መስመር ፒኦኢ መቅጃ፣ 2 ቴራባይት የካሜራ ዲስክ፣ ሙሉ መዳብ ገመድ፣ ኢንቨርተር ከ100 አምፒር ሰዓት ባትሪ ጋር። ገንዘቡ ካልበቃ ሦስተኛውን ካሜራ ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት እንጂ ባትሪውን አይቀንሱ። ወንድምዎ መርዳት ከፈለገ የባትሪውን ወጪ ይሸፍን፤ ዕቃ እልካለሁ ካለም ከመግዛቱ በፊት ስለ ቀረጥና ፈቃድ ጉምሩክ ይጠየቅ።

ለገጣሚው የመጨረሻውን ክፍያ የሚሰጡት ከሌሊት ፈተና በኋላ ይሁን። ከጨለመ በኋላ የቤቱን ዋና ብሬከር ያጥፉ፣ አንድ ሰው ከበሩ እስከ ፓምፑ ይራመድ፣ ከዚያ ቀረጻውን ከመቅጃው ላይ መልሰው ይመልከቱ፤ ፊቱ ከበሩ ላይ ካልተለየ ካሜራው በዚያው ሰሞን ይዛወር። የይለፍ ቃሎቹንና ገመዶቹ የት የት እንደሚያልፉ የሚያሳይ ንድፍም በወረቀት ይረከቡ።